ከወንፊቱ በታች

በቂርያት ማላኪ፣ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣
ከሌት ሥራ ገባሁ፣ ከካርቶን ማሸጊያው ቤት።
መብራት አበራሁና ፊቴን ልታጠብ ስል፣
በሰድሩ ግድግዳ አየሁ ትንሽ ምስል፤
ከሰሊጥ የማትበልጥ፣ አመድማ ነገር፣
ልብ የመሰለ ክንፏ የሞላበት ጠጕር።
"የእሳት ራት ናት" ብዬ ጠጋ አልሁ፤ አይደለች፤
ትንኝ ናት እንዳልላት አትዘፍን፣ ዝም ያለች።
ዝንብ ናት። በክንፏ ጠርዝ ነጭ ነጥብ ተረጭቷል፤
ቀቢ ረስቶት የሄደ የኖራ ጠብታ ይመስላል።

በመዳፌ መታኋት። ሞተች እንኳ አይባልም፤
ግራጫ ዱቄት ሆነች፤ ደም የላት፣ ድምፅ የለም።
በማግስቱ ሦስት ሆኑ። በሦስተኛው ዐሥር።
መስኮቱ ወንፊት አለው፣ በሩም የብረት በር!
በረኪና ደፋሁ፣ የፈላ ውሃ በውሃ፤
ሁለት ቀን ግድግዳው ባዶ፣ ልክ እንደ በረሃ።

ከዚያ መጡ።

ማስዑድ ቧንቧ ሠሪው፣ ጕልበቱ ያረጀ፣
የወለሉን ክዳን ሊነቅል ሩብ ሰዓት ፈጀ።
በእኔ ስባሪ ዕብራይስጥ፣ በእሱ ሳል መካከል፣
እንዲህ ነው የገባኝ፣ ባልሳሳት በቃል፦

እናት በወንፊቱ ሾልካ ትወርዳለች፤
ካተላው ላይ ዕንቍላል በብዙ ትጥላለች።
ሁለት ቀን ቢሞላው ዕጭ ይሆናል ሁሉ፣
እንደ ክር የቀጠኑ፣ እድፍ የሚበሉ፤
በጅራታቸው ጫፍ አየር ይስባሉ፣
ውሃ ሲወርድባቸው ተጣብቀው ይውላሉ።
የሚበሉት ምንድር? አንተ ያጠብኸውን፤
ከፋብሪካ ያመጣኸውን ሙጫና ላብህን።

(ከዚያ ሙሽሬ ነው፣ እንዲያ ነው ያስተማሩን፤
ማን ያውቃል ቱቦ ውስጥ የዚያን ሙሽራ ድግሱን?)

አንድ ቀን፣ ማታ ላይ፣ ክንፏን አድርቃ፣
ወደ ብርሃን ትወጣለች ግድግዳውን ታካ።
ሁለት ሳምንት ዕድሜ። መብረር እንኳ አታውቅም፤
ሦስት ስንዝር ትዘላለች፣ ከዚያ ወዲያ አትርቅም።

"ግድግዳ ላይ አትግደል፣" አለ፣ "ከንቱ ድካም፤
ከሥር ካልፋቅኸው ዘሯ አያልቅም፣ አይደክም።"
ረጅም ብሩሽ ሰጠኝ። አርባ ሼቅል ከፈልሁ።
በደረቴ ተኝቼ፣ እጄን እስከ ክርን ሰደድሁ፤
የስምንት ዓመት ዝቃጫችን፣ ጥቍር፣ እንደ ሬት፣
በውስጡም የሺራት ጠጕር፣ ቀይ፣
ወታደር ሳትገባ ቀለም የተቀባችው፣ የተጣላንበት።

ታጠብሁ። ሳሙናው ወረደ፣ ወደዚያው፣ ወደ ታች።
አንዷ ግን ቀርታለች፣ ከመስተዋቱ ላይ።
እጄን አንሥቼ ነበር፤ ተውሁት። እንተያይ፣
ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው።