ግራም

የሱቄ ትንሽ ሚዛን መስታወት ነው ቤቱ፣
ትንፋሽ እንዳይነካው፣ እንዳይዛባ እውነቱ።
ዐሥር ዓመት ፒያሳ፣ ለሩብ ግራም ብዬ፣
ትንፋሼን መዋጥ ነው የኖርኩበት ሙያዬ።

በሰባተኛ ወሯ ደም ግፊቷ ናረ፤
ያሰርኩላት ቀለበት ያበጠ ጣቷን አሰረ።
በእጄ የሠራሁትን፣ በእጄ በመጋዜ
ቆረጥኩት፤ ብናኙን አልለቀምኩም ያን ጊዜ።

ጋንዲ በሌሊት ደረስን፤ «እዚህ ጋ ፈርም» አሉኝ፤
ስሜ ጠፋኝ፤ ሁለቴ አስጻፉኝ።
ሐመልማልን በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዷት፤
ጫማዋ እኔ እጅ ላይ ቀረ።

«ወንድ ነው» አለች ነርሷ፣ «አንድ ሺህ መቶ ሃያ ግራም።»
ያን ያህል ወርቅ በዕድሜዬ አልመዘንኩም፤
እንዲህ የቀለለ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ልጄም እንደ ሚዛኔ መስታወት ቤት ገባ፤
ዘጠኝ ቀን ከውጭ ቆሜ
ትንፋሼን ዋጥኩ፣ እንዳላዛባ።

በዐሥረኛው ነርሷ ሸሚዜን አስወለቀችኝ፤
ከነቱቦው ደረቴ ላይ አስተኝታው ተቆጣችኝ፦
«አባቱ፣ ተንፍስ እንጂ! እሱ ገና ይረሳል፤
ካንተ ደረት እየሰማ መተንፈስ ይለምዳል።»

አባቱ።
ተነፈስኩ።

ከመስኮቱ ሥር ረዳቱ «ፒያሳ! አንድ ሰው!» ይላል፤
አንድ ሰው፣ ደረቴ ላይ፣
ከፍ ዝቅ ይላል።