የእድሩ ድንኳን

ከደሴ ስንወርድ ጉሙ እስከ ሐረጎ ሸኘን፣
ከዚያ በታች የኮምቦልቻ ፀሐይ ጃኬት እንደደረብን አገኘን።
የአራጋው ባጃጅ ዳገት ላይ ብትለግምም ቁልቁለት ላይ አትታማም፤
ከኋላ ጦይባ፣ እኔና ይመር፣ ድስት፣ ከሰል፣ ድንች፣ ጀሪካን፣
እግር የማን እንደሆነ በማይለይበት ጥበት፤
ጣራዋ ላይ ደግሞ የእድሩ ድንኳን።

ሌላ አላገኘንማ!
የሽርሽር ድንኳን ብለን ፒያሳን ሱቅ በሱቅ ዞርን፤
አንዱ የሻወር መጋረጃ አወጣልን፣ አንዱ ሳቀብን።
ኋላ ይመር አባቱን፣ የእድሩን ዕቃ ያዥ፣
«ለአንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ ለመነ፤
«እንዳይቀደድ፣ እሳት እንዳይነካው፤ ሰው ከሞተም በሌሊት
ትመልሳላችሁ» ተባለና ተጫነ።

ምንጩ ከተማው ጫፍ፣ ከፋብሪካው ማዶ፣ ዋርካው ሥር ይፈልቃል፤
አሸዋውን ከታች እንደ ገንፎ ቡልቅ ቡልቅ ያደርጋል፤
ማንም ሳያዘው ኩሬውን ሞልቶ ያድራል።
ጠባቂው ሁለት ታንኳ አለው፤ አንዱ ያፈሳል፣ ሌላውን ሰጠን።
«ዋና ትችላላችሁ?»
የደሴ ልጅ የሚያውቀው ውሃ ከሰማይ የሚወርደውን ነው፤
ዳገት ቢለን እንወጣለን፤ ይሄ ግን...
«አብሽር» አልነው።

ቀዘፋ! እኔ በቀኝ፣ አራጋው በቀኝ፣ ይመርም በቀኝ ያዘና
ታንኳዋ እዚያው ዞረች፣ ዞረች እንደገና።
ጦይባ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ እንደምታስይዘው፣
«አንተ እዚህ፣ አንተ እዚያ፣ አንተ ዝም ብለህ ተቀመጥ!» አለች፤
ሦስት ወንዶች ታዘዝን፣ ታንኳዋም ታዘዘች።
መሐል ስንደርስ ውሃው ጠራ፣ ደመናው ከሥራችን ሆነ።
«በግራ በኩል ሰው ጎድሎናል» አለ አራጋው፣ ሳያስበው።
ማንም አልመለሰም።
አንድ መቅዘፊያ ጭናችን ላይ ያንጠባጥባል።

ሲመሽ ተከልነው። ለመቶ ሰው የተሰፋ ሸራ
አራታችንን ውጦ ዝም አለ፤
የንፍሮ ሽታ አለው፣ የብዙ ክረምት ዝናብ፣
በሩ ላይ በቀይ ቀለም የሰፈራችን ስም።
ድንች ስንጠብስ አንድ ሽማግሌ ባትሪ እያበሩ መጡ፤
በትራቸውን ደጅ አቁመው፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀመጡ።
«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» አሉ። ቆይተው፣ «ማን ሞተባችሁ?»
ጦይባ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች።
«ኧረ ማንም፣ አባባ! ለመዝናናት ነው የመጣን።»
እሳቸውም ሳቁ፣ ድንች በሉ።
«ድንኳኑ ሰው አንሶት ባየው ጊዜ
ከቤት ሰው ጠርቼ ልመጣ ነበር» አሉ።

ሲሄዱ ሳቁ አብሯቸው ሄደ።
ሚፍታህ።
በዚያ ኅዳር፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ከተማው ሲበተን፣
ጡሩምባ አልተነፋለትም፣ ካስማ አልተመታለትም፤
አንዷ አልጋ ሥር፣ አንዱ ጭነት መኪና ላይ፣
እኔ ደብረ ብርሃን፣ የሰው ቤት በረንዳ፣
ለየብቻ ሰማን፣ ለየብቻ ዝም አልን።
በግራው ይጽፍ ነበር፤ በግራው ድንጋይ ይወረውር።

ማንም «አሁን እንቀመጥለት» አላለም። አራጋው ድንች ገለበጠ።
ጦይባ ብቻ፣ ሽማግሌው የተቀመጡበትን ምንጣፍ በእጇ እያቃናች፣
«ጎበዝ ዋናተኛ እኮ ነበር» አለች።
«ውሸታም!» አልናት ሦስታችን ባንድ አፍ፣ «እንደኛው ይሰምጥ ነበር!»
ሳቅን፤ ሳቁ ረዘመ፤
ኋላ ምን እንደሆነ አልናገርም።
ሌሊቱን ሙሉ ምንጩ አሸዋውን ሲገፋ ሰማሁ።

ጎህ ሳይቀድ የይመር አባት ደወሉ፤
«ሰው ሞቷል፤ ድንኳኑን።»
ጤዛ የጠጣ ሸራ ካመጣነው እጥፍ ከበደን።
ሐረጎ ዳገት ላይ ባጃጇ አቃሰተች፣ ቆመች፤
ሦስታችን ወርደን ከቀኝ በኩል ገፋን፤ ወደ ገደሉ ዘመመች።
«በግራ! በግራ በኩል!» ይጮኻል አራጋው፣ መሪው ላይ ተለጥፎ።
ተያየን።
ጦይባ ሻሿን አጥብቃ ዞረች፣ ትከሻዋን ሰጠች።