ወደ ኋላ የለም

ሰኔ ሊያልቅ ሁለት ቀን፤ ስልኩ አላርፍ ብሎ፣
ወረፋው እንደ ጭነት ከላይ ከላይ አይሎ፣
መስኮት በሌለበት በምድር ቤቱ ክፍል
አደገኛ የሚጭን ሁሉ በዓመቱ የማስከፍል
እኔ፣ "የምዝገባ ክፍያ፤ ምን ልርዳ?" ባልኩኝ፣
አንዲት አሮጊት፣ "ቆየኝ፣ መነጽሬን" አለችኝ።

"ቬልማ ኩቢቼክ ነኝ፤ ከነብራስካ ሜዳ፤
ሁለት ቦቴ አለኝ፤ ልከፍል ነው ዕዳ።"
"ዕዳ አይባልም" አልኳት፤ "የምዝገባ ነው" ብዬ፣
ጥያቄውን ጀመርኩ፣ ቅጹን ተከትዬ።
"የሚጭኑት ምንድን ነው?"
"አሞኒያ፤ ለበቆሎ።
ሲያርፍ እህል ያበቅላል፤ አይጣል ነው ካመለጠ ቶሎ።"
"ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ፣ የድርጅቱ መጠን?"
"ባሌ ሳለ ሦስት ነበርን፤ አሁን እኔና ውሻው ቀረን።
ውሻው አይነዳም።"

"ትንሽ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።
ከዚያ ዝም አለች። ማቀዝቀዣ ሲያጓራ ሰማሁ።

"የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱን ልከፍል እችላለሁ?" አለች።
"በረዶ የመታን ዓመት። በቆሎው ወንፊት ሆኖ፣
ባንኩ እደጃችን ቆሞ፣
ሌላንድ ይሄን ቅጽ አጣጥፎ መሳቢያ ግርጌ ከተተው፤
'መንግሥት በኔ ሳንቲም አይደኸይ' አለና ተወው።
ጠያቂ አልመጣም። ጫንን፤ ነዳን፤ ኖርን።

በዚያው ዓመት፣ በኅዳር፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ሌላንድን ይዞ ቦቴው ተገለበጠ፤ መንገዱ ላይ ያው በረዶ።
ነጭ ጉም ወጣ፣ መሬት ለመሬት የሚድህ፣ ሲያዩት የዋህ፤
ጋዙ ግን ጥመኛ ነው፤ የትም ገብቶ ያሸታል ውሃ።
ዓይን ውሃ ነው ለሱ። ጉሮሮ ውሃ ነው። ሳንባ ውሃ።

ደርሶ ያወጣው ዱዌን ክሪዝ ነው፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣
ያለ ደሞዝ እሳት አጥፊ፣ የኛው የሰፈር።
በፀደይ ሁለት ቀን ሠልጥኗል፤ ሌሎቹ ወደ ጉሙ ሲሮጡ
'ቁሙ! ነፋሱን ለጀርባችሁ ስጡ!' ብሎ
ውሃውን እንደ ግድግዳ አቁሞ፣ በግድግዳው ሥር ገብቶ
አወጣልኝ ጎትቶ።

በሚቀጥለው በጋ፣ በእህቱ ልጅ ሠርግ፣ ቢራውን እንደያዘ፣
'ያንን ሥልጠና የከፈላችሁት እናንተ ጫኞች ናችሁ' አለኝ፤
'የምዝገባው ገንዘብ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።'
እኔም
አሜን አልኩ።

ሌላንድ አሥራ አራት ዓመት ኖረ፤ ባንድ ዓይን፤ ግን ኖረ።
ካሮት ተከለ፤ ከዜና አንባቢ ጋር ተሳደበ፤ አረጀ።
ያቺን አሜን ግን እኔ ነኝ የያዝኳት። ያቺን ዓመት ክፈትልኝ።"

ስክሪኑን ቁልቁል ገፋሁት፤ ከዘንድሮ በታች አይወርድም።
"ወደ ፊት ሦስት ዓመት ይቻላል" አልኳት፤ "ወደ ኋላ ግን የለም።"
"በስጦታ ስም ብልክስ?"
"ለስጦታ ሣጥን የለንም።"

ዝም። ማቀዝቀዣው። ውሻው ወለል ላይ ሲገላበጥ።
"እንግዲያው ሦስቱንም ጻፍ።"
"ሦስቱንም?"
"መስከረም ላይ እሸጣቸዋለሁ፣ ሁለቱንም፤ ገዢው ቀብድ ሰጥቷል።"
"ታዲያ ለምን..."
"ጻፍ አልኩህ፣ ልጄ። ጻፍ።"

ጻፍሁ። የካርዷን ቁጥር ስታነብ ሰባቱን ሁለቴ ሳተች።
ማረጋገጫውን ላክሁላት። እንደ ደንቡ፣
"ግልባጩ ከቦቴው ጋቢና አይለይ" አልኳት።
"አይ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው የማኖረው" አለች።
"ግርጌ አንድ ወረቀት አለ፤
ብቻውን ነው የከረመ።"

ቀጣዩ ደዋይ ክሎሪን ጫኝ ነው፤
"ይሄ ሁሉ ገንዘብ የት ነው የሚገባው?" ብሎ ጮኸብኝ።
መልሱ ፊቴ ላይ ተለጥፏል፣ በአንቀጽ በአንቀጽ።
ላነብለት ስል ድምፄ አልታዘዝ አለኝ።