ስድስተኛዋ ቤት

ና ግባ እንዳላማው፣ ከእሳቱ ግን ራቅ፤
ይህ ቀንድ ጥላ እንጂ ሙቀት እንደማይወድ እወቅ።
ጋያህን ከውጭ፣ ከግንቡ ሥር ተዋት፤
ፍምና ባሩድ ጣውንት ናቸው፣ አይመሹም ባንድ ቤት።

ፍታው ከነጠላው የአጎትህን ሽጉጥ።
ቀስ! ጣትህ ከምላጩ ይራቅ፤ መደብ ላይ ተቀመጥ።
ይህ እንደ ዛሬዎቹ ቀለህ አይጎርስም፤
ስድስት ቤት አለው፣ በጥድፊያ አይጠግብም፦
ባሩዱን ሰፍረህ፣ አረሩን በዘንግ ገፍተህ፣
በየቂጡ ካፕሱል እንደ ቆብ ደፍተህ፣
እንደ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ታጎርሰዋለህ።

በመጀመሪያ አፉን፦ ወዴት ነው የሚያየው?
አየህ፣ ወደኔ ነው! ወደ ግንቡ መልሰው።
ባዶ ነው አትበለኝ። የስንቱን «ባዶ ነው» ባይ
ቁስል አስሬያለሁ በዚህ መደብ ላይ።

ከቀንዱ በቀጥታ ባሩድ አታፍስበት፤
ካለፈው ተኩስ የቀረች ፍንጣሪ ብትኖርበት
ቀንዱ መዳፍህን ይዞት ነው የሚሄደው።
በዚህች ባዶ ቀለህ ስፈር፤ እስከ ጭረቷ ልክ ነው፣
ከጭረቷ በላይ ያለው ትዕቢት ነው።

ከዚያም አፍ አፋቸውን በሰም ድፈናቸው፤
ሞራ ጣል አድርግበት፣ የጮቄ ብርድ እንዳይሰነጥቃቸው።
አለዚያ አንዷ ስትጮህ፣ እሳቱ ከጎረቤት ጎረቤት
ዘሎ ስድስቱም ይጮሃሉ፣ እጅህ እያለበት።
ዋሸራ ቅኔ ስቆጥር፣ በጎረምሳነቴ፣
ሰሙን እንደ ገለባ ንቄ፣ ወርቁ ነበር ናፍቆቴ።
ዛሬ አስሩን ጣቴን ቁጠር፤ ሰም ነው ያቆየልኝ፤
ወርቁ ገና ነው፤ እስካሁን አልመጣልኝ።

አሁን ዋናውን ስማ፤ ይህን ከረሳህ ሌላው ምን ያደርጋል፦
አምስቱን ሙላና አንዷን ባዶ ተዋት፤ መምቻው እሷ ላይ ያርፋል።
በቅሎህ ብትደናቀፍ፣ ድግህ ቢፈታ፣
መምቻው ሰው የሌለበት ቤት ነው የሚመታ።

«ስድስት ቤት ገዝቼ አምስቱን ላድርበት? ሙላት!» አለኝ ቢያድግልኝ፣
እዚሁ፣ አንተ ያለህበት ተቀምጦ፣ እየሳቀብኝ።
ሞላሁለት።

ሦስት ክረምት ሆነው። ወደ ሰባራ ድልድይ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣
አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ተኳሽ ግን አልታየም፣ ወዲህም ወዲያም ላይ።
በቅሎዋ ኮርቻዋን ጎን ጥላ ብቻዋን ሞጣ ገባች።
ያገር ጣት ሁሉ ወደ ጥሩሰው ደጅ ተቀሰረች፤
የመስኖ ውኃ ጠብ ነበራቸዋ፣ ምክንያቷም ተገኘች።
አንተም ዛሬ ለምን እንደመጣህ አትንገረኝ፤
ሦስት ዓመት ያልተላጨው ጠጉርህ ነገረኝ።

እስቲ የመምቻውን ጀርባ በጥፍርህ ዳስሰው።
ጭረት አለ። የድንጋይ ነው። ሰው አይደል የመታው።
ከሬሳው ወገብ ፈትተው ሲያመጡልኝ፣ አምስቱ ቤት ሙሉ፣
ሰማቸው እንኳ አልተነካም፣ እንዳተምኳቸው ነበሩ።
የተተኮሰችው ያችው፣ እኔ የሞላኋት ብቻ።
አየሁ። ዘይት ቀባሁት። በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩ።
አፌንም እንደ ቤቶቹ በሰም ደፈንኩ።

ወንድ ልጅ ነህና እንካ፣ እውነቱን ሰጠሁህ፤
ጅብና ወንበዴ ላለበት መንገድህ አምስቱን ሞላሁልህ፤
ከጥሩሰው ጋራ ውኃ ተካፍለህ፣ ጠጉርህን ተላጭተህ እንዳይህ፤
ደም ካልክም ደሙ እኔ ዘንድ ነው፤ ደጄ ክፍት ነው፣ አልሸሽህ፤
እንደ ድሮው ተማሪ፣ ቤት እየመታሁ፣ አምስት ስንኝ ቆጠርኩልህ፤
ስድስተኛዋን ባዶ ተዋት።