ጎሽ መጠጫ

ደንበጫ ወረዳ፣ ከመሬት ቢሮ ውስጥ፣
አንድ የወየበ ውል ቀስ ተብሎ ሲገለጥ፦
«በምሥራቅ የነብር ዋሻ፣ በምዕራብ ጎሽ መጠጫ፣
በሰሜን የጉሬዛ ጥድ፣ በደቡብ የከርከሮ መሮጫ።»

ቀያሹ ይርሳው መሣሪያውን ተከለ፤
ሳተላይት ጠየቀ፤ ሳተላይት ምን አለ?
ጥዱ ጉቶ ሆኗል፣ ዋሻው የድንጋይ ካባ፤
ከርከሮው ከሮጠበት ባሕር ዛፉ ገባ።

አያ ጓንጉል ቆመ፣ ሰማንያ ያለፈው፤
«ጎሹን እኔ አላየሁት፣ አባቴም አላየው፤
አያቴ በቀንዱ ጠጅ ጠጥቶበታል፤
እዚህ የጠጣ አውሬ፣ መጠጫ ሆኖ አልቋል።»

ሣቀና ይርሳው፣ ሣቁን መልሶ ዋጠ፤
«ወሰን አልተገኘም» ሲል ፊርማውን አስቀመጠ።

ማታ ግን አንድ ጅብ፣ ለምስክር ያልቆጠሩት፣
ከካባው ተነሣ፤ ወሰኑ አልጠፋበት፤
ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ፣ ደረቁ ምንጭ ድረስ፣
አሸተተ። ጠበቀ። ተመለሰ ሳይቀምስ።

ጠዋት ትምህርት ቤት፣ የቀበሌዋን ስም
አንዲት ልጅ ጻፈችው፣ ፊደል ሳታጣምም።
«ጎሽ!» አላት መምህሩ።

ልጅቷ ደንግጣ
ዞር ብላ በመስኮት አየች።