ከናዳ በላይ

ነሐሴ ሊወጣ አምስት ቀን ሲቀረው
ካርታው ጠረጴዛዬን ከዳር ዳር ወረረው፤
ማዕዘኖቹን በጨው ከረጢት፣ በባትሪ፣
በሸምሲያ ስልክ፣ በኔ መነጽር ጫንናቸው።
ውጭ፣ ሄርማታ ላይ፣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣
ነዚፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፦
«እስከ ናዳ በመኪና።
ከናዳ በላይ በእግር።»

ሳቅን። ናዳ ከተማ ናት፤ ናዳ ደግሞ ናዳ ነው፤
ክረምት ሳይወጣ የሄደ ሁለቱንም አየው።

«መስቀል ይለፍ» አልኩ። «ጭቃው ይጠንክር፣
ወንዙም ወደ አልጋው ተመልሶ ይደር።»
«መስቀል ካለፈማ» አለች ሸምሲያ፣ «ማን የማይወጣ አለ?
እኔ የምፈልገው ማይጉዶን ፊቱን ሲታጠብ ነው፣
ገና ሳያደርቀው።»
የሌሊት ነርስ ናት፤ ዘመንን በፈረቃ ትቆጥራለች፤
ሦስት ሌሊት ሠርታ ሁለት ቀን ታተርፋለች፤
ያቺን ሁለት ቀን ነው ለተራራው የሰጠች።

ቱሉ፣ ስሙ ተራራ፣ ቁመቱ ግን አጭር፣ ይጽፋል ዝርዝር፦
ጭኮ ለሁለት ቀን። ላስቲክ። ክብሪት፣ በፌስታል የታሰረ።
ገመድ አሥራ አምስት ሜትር፣ ከነዚፍ ጎሚስታ ቤት።
ቦቲ ጫማ፣ አራት።
ጨው ለአልቅት። ጨው ለድንች።
«ለይተህ ጻፍ!» ትላለች ሸምሲያ፣
«አምና ድንቹን በአልቅት ጨው በላን።»

ከቀርከሃው በታች አልቅት፣ ከቀርከሃው በላይ ብርድ፤
ከአስታው ወዲያ ጉም።
እዚያ ሲደርስ የነዚፍ እርሳስ ይቆማል፤
የካርታው መስመሮች ተጠጋግተው፣ ተጠጋግተው
አንድ ጥቁር ነገር ሆነዋል።

እኔ ዝናብ ቆጣሪ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣
ከአጥሩ ውስጥ ካለው ጣሳ በመስታወት እየቀዳሁ
ሰማዩ ለጅማ የሰጠውን ከነአሥረኛው ጽፌአለሁ።
የጥንቶቹ በፈረሳቸው አባ እገሌ ተባሉ፣
ጓደኞቼ እኔን «አባ ሚሊ» አሉ።
ውላችንም ይህ ነው፦ ሦስት ጠዋት በተከታታይ
ዝናቡ ከአምስት ካነሰ፣ ጉዞ ወደ ላይ።
ቃሉን የምሰጠው እኔ።

ዘንድሮ ግን ጉልበቴ...
(ጉልበት ስል የቱን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣
ሁለቱም ባንድ ሐምሌ ነው የከዱኝ።)
ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮት አንሥቶ
«ደረጃም ቢሆን ቀስ» አለኝ፣ ዓይኑ ከዓይኔ ሸሽቶ።
«እስከ ኅዳር ይሻልህ ይሆናል፤ ምናልባት።»
አልነገርኳቸውም። ከአራቱ ቦቲ
ቁጥሩ አርባ አንድ የሆነው የኔ ነው።

መስከረም ስምንት፦ ሦስት ነጥብ ሁለት።
መስከረም ዘጠኝ፦ አንድ ነጥብ አራት።
መስከረም አሥር መስታወቱን ወደ ዓይኔ አነሣሁ፤
አራት ነጥብ ስድስት። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ብቻዬን ነበርሁ።
አንዲት አሥር ከፊቱ ብትገባበት
ማን ያያል? ውሃው ሣር ላይ ይደፋል፣ ምስክር የለበት።
ሸምሲያ ፈረቃዋን ታዛውራለች፣ ነዚፍ ጎማ ይለጥፋል፣
ተራራው እስከ ኅዳር የትም አይሄድም፣ ይጠብቃል፤
እኔም...

ስልኩ ጠራ። «አባ ሚሊ! ስንት አደረ?»
ከወዲያ የሆስፒታሉ ጋሪ ተንኳኳና ቆመ።
ምላሴ አሥርን ይዞ ጥርሴ ሥር ቆሞ ነበር።
«አራት ነጥብ ስድስት» አልኩ። «ሂዱ።»
«ሂዱ? እንሂድ ነው እንጂ።»
«ሂዱ ነው።»
ዝም አለች። ስንት በሽተኛ ሲዋሽ ሰምታለች፤
በዚያች ዝምታ ውስጥ ጉልበቴን ዳሰሰች።

ማታ ቱሉ መጥቶ ቦቲዬን ወሰደው፣
«ሰፋኝ» አለ፤ ሁለት ካልሲ ደረበበት።

በማግስቱ፣ በሦስት ሰዓት፣ ጣሳው ደረቅ።
ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
መዝገቡ ጠርዝ ላይ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፤
በሃያ ሁለት ዓመት በረዶ፣ ጉም፣ ነጎድጓድ
ብቻ ነው የጻፍኩበት።
እስክሪብቶዬን አራገፍሁ፦
«ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥርት ያለ።
ሦስት ሰዎች።»