ጉዳዩ፦ የሥራ ልምድን ይመለከታል

ቅጹ ላይ ያለችው ክፍት ቦታ ጠባብ ናት፣
ሦስት መስመር ብቻ፣ ለአርባ አንድ ዓመት።
ወይዘሪት ቤዛዊት፣ አትቸኩይ እባክሽ፣
ባንድ ጆሮዬ ነው እኔ የምሰማሽ፤
በግራ በኩሌ ዞረሽ ተቀመጪ፣
ሻይሽንም ጠጪ።

ስም፦ ሒንዲያ ኢብሮ። ሰፈር፦ ደቻቱ ዳር፣
ቀበሌ ሳይቆጥረው ጎርፍ የቆጠረው በር።
ትምህርት፦ እስከ ስድስት። ከዚያ ወዲያ ያለው
በመዶሻ ነው።

ባሥራ ሰባት ዓመቴ ባቡር ጋራዥ ገባሁ፣
የብረት ፍቅፋቂ ከቶርኖ ሥር ጠረግሁ፤
ሲግል ሸራ ጫማ ይበሳል፣
ሲበርድ ጣት ይቀምሳል።
ከሰዓት በኋላ፣ ከዚራ ስታንቀላፋ፣
ውሻው፣ ጋሪው፣ ሰዉ በሙቀት ሲደፋ፣
ሸፍ ወርዶፋ ብቻ፣ ረጅም መዶሻ ይዞ
ከፉርጎ ወደ ፉርጎ ይሄዳል ተክዞ፤
የእያንዳንዱን እግር ኳ ያደርግና
«ደኅና» ይላል። ኳ። «ደኅና»። ኳ። «ደኅና»።

አንድ ቀን፣ መጥረጊያዬን እንደተደገፍኩ፣
«ይሄኛው አሞታል» አልኩ።
ሳቁብኝ ሁሉም፤ ብየዳው ቆመ።
ሸፍ ብቻ አልሳቀም። ተመልሶ ደገመ፦
ኳ።
ፀጉር የምታህል ስንጥቅ፣ ከቅባቱ በታች፣
እንደ ተኛች እባብ ተጣጥፋ ተገኘች።

በማግሥቱ መጥረጊያው ለሌላ ተሰጠ፣
መዶሻው ለእኔ።
ደሞዙ? የጽዳት። መደቡ አልተለወጠ፤
እስከ መጨረሻው።

ከዚያ ባቡሩ ቆመ። ማን እንደነገረኝ
ታውቂያለሽ? ሌሊት ነው፤ ዝምታው ቀሰቀሰኝ።
ሀዲዱ ላይ ፍየል፣ ፉርጎው ሥር ሣር በቀለ፣
ወር ቆጥሮ የሚከፍል ግን አንድም ሰው የለ።
በረዶ ሸጥኩ ታይዋን፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣
ግማሹ ቀልጦብኝ፣ ግማሹን በዱቤ ጥዬ፤
ኮተኒ ገባሁ ደግሞ፣ ከጥጥ ብናኝ ጋራ፣
ሦስት መቶ መኪና ባንዴ ሲያወራ ሲያወራ
ቀኝ ጆሮዬ እዚያ ቀረ። ካሳም አልተጻፈለት።
ይኸን ቅጽሽ ላይ ላስገባው የት?

አንድ ምሽት ሳቢያን ላይ ቧንቧ ፈንድቶ፣
የፈነዳው ቦታ ጠፍቶ፣
የውሃ ሠራተኞች አሥር ጉድጓድ ቆፍረው
ላባቸውን ሲጠርጉ በአካፋ ተደግፈው፣
«ፌሮ አላችሁ?» አልኩ።
አስፋልቱ ላይ ተከልኩት፣ ጫፉን ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ።
ከመሬት ሥር ውሃው ሲያፏጭ ሰማሁ፤
የታመመ ፉርጎ ነበር። እሱን ደግሞ አውቃለሁ።
«እዚህ ጋ» አልኳቸው። እዚያው ጋ ነበረ።
የውሃው ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሌሊት ነው ሥራው፣
ጫት የጫነ አይሱዙ ምድሩን ሲያናጋው
እስኪርቅ ቆሜ፣ ከዚያ ተንበርክኬ
የከተማ ሆድ አዳምጣለሁ በብረት ለክኬ።
ከለገሃሬ እስከ መጋላ ቧንቧው ሁሉ ኖራ ለብሷል፣
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮ በጠባቡ ያስላል፤
ኢንጂነር ሙባሪክ አዲስ ማሽን አምጥቶ
አሥር ጊዜ ፈትኖናል፤ ስምንቱን ለእኔ ትቶ።
አንዴ ተሳስቻለሁ፤ ጻፊው፣ እንዳይቀር ከቶ፦
ውሃ ያልኩት ወፍጮ ነበር፣ ሌሊት የሚፈጭ፣ ግብር ሸሽቶ።

አሁን «ማስረጃ የሌለው ይነሣ» ተባለ።
በምን ላስረዳሽ? ለጆሮ ማኅተም የለ።
ሸፍ ወርዶፋ ሞቷል፤ መዝገቡን አይጥ በላው፤
ያ ፉርጎ ግን ዛሬም ቆሟል፤ ሂጂና ምቺው።

ብቻ ከመሄዴ በፊት፣ አትቀየሚኝና
(ጠረጴዛዋን በጣቴ ኳ አደረግሁና)
ሻይሽን አንሺው፤ በበሩ በኩል ያለው እግር
ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ለዐይን አይናገር።

ብርጭቆዋን አነሣች።
ቅጹን ገለበጠች፤ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።